ያዮ እና ባዶው መደርደሪያ

ያዮ ማረፉን የነገረችኝ ልጁ ፋጡማ ናት። ስልኬ ሲጠራ ሰመራ ውስጥ ከሥራ ወጥቼ ሚኒባስ እየጠበቅሁ ነበር። «ትርሲት፣ አባቴ ሞተ» አለችኝ። «ቀብረነዋል፤ እንዳትመጪ» ስትል ጨመረች። ከሰመራ አዋሽ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ በእነሱ፣ በአፋሮች ዘንድ ደግሞ ሬሳ አይቆይም። እንዳልንገላታ ብላ ነው። «አላህ ይርሐመው» አልኳት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት የሚባለው «ነፍስ ይማር» ነው። አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ሰው ሲሞት ያዮ ይለው የነበረው ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ «አንድ የማውቀው ሰው ሞተ» አልኳት።

«ምንሽ ነበር?» አለችኝ።

ዘመዴ አይደለም፣ አለቃዬም አልነበረም። «የጤና መድን መዝጋቢ ነበር» አልኳት። «አይ፣ ነፍስ ይማር» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ስለ ያዮ በወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው አንድ የስንብት ደብዳቤ ብቻ ነው። የቀረውን እኔ ልጻፈው ብዬ የተነሳሁት ያን ዕለት ነው።

ያወቅሁት የመጀመሪያ ምድቤ አዋሽ በሆነ ጊዜ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ተመደብኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው መንጣጣት የሚጀምርባት፣ በአንድ መስኮት በኩል ብቻ ከሰው ጋር የምገናኝባት ጠባብ ክፍል ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው መስኮቱ ላይ መጥቶ ቆመ። አፉ ውስጥ የጥርስ መፋቂያ አለ። ዕድሜውን አይቼ «ምን ልታዘዝዎ?» አልኩት።

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ፣ ጫፉን አየ፣ ኪሱ ከተተው። ይህን ሳያደርግ ቁም ነገር እንደማይናገር ኋላ ነው ያወቅሁት። «እርስዎ ማነው?» አለኝ። «እኔ አንድ ሰው ነኝ። እዚህ አገር አንተ ነው የሚባለው፣ ለሁሉም። እኔም አንቺ እልሻለሁ።»

ስለዚህ አንተ አልኩት። አሁንም «እሳቸው» ብዬ ብጽፍ የሚቆጣኝ ይመስለኛል።

ያዮ የጤና ባለሙያ አልነበረም። ከብት አርቢ ነበር፤ ማንበብና መጻፍ የተማረውም ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። ጤና መድን ሲጀመር ሰው የሚሰማው ሰው ተፈለገና እሱ ተመረጠ። ሥራው ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ቤተሰቦችን ማስመዝገብ ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ መታወቂያውን ይዞ ሲመጣ ምርመራውንም መድኃኒቱንም ያለ ክፍያ ያገኛል። ጨርሶ ለሌላቸው መንግሥት ያዋጣላቸዋል። እኛ በስልጠና ላይ ይህን በሁለት ቀን ነው የተማርነው። ያዮ አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ በጥቂት ቃል ይጨርሰው ነበር። «የአንድ ሰው ከብት ሲያልቅ ጎሳው ያዋጣለታል አይደል? ይሄም እሱ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ማንም ሳይታመም በፊት ነው የምናዋጣው።»

ለምን እንደዚያ እንደሚደክም አንድ ቀን ጠየቅሁት። የመለሰልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደግሜም አልጠየቅሁትም። የፋጡማ እናት ሌላ ልጅ ወልዳ ደሙ አልቆም አላት። መኪና ተከራይቶ ሊወስዳት ፍየሎቹን ነድቶ ገበያ ወጣ። የድርቅ ወራት ነበር፤ ሁሉም ሻጭ ሆኖ ገዢ ጠፍቷል። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ገዢ መጣለት።

«ገዢው የፍየሏን አፍ ከፍቶ ጥርሷን አየ» አለኝ ያዮ። «ከዚያ የሌላዋን አየ። ከዚያ ወደ መጀመሪያዋ ተመለሰ። እኔ ቆሜ አየዋለሁ። እሱ ምን ያስቸኩለዋል? አላወቀም። ብነግረው ዋጋ ይጥላል፤ ዝም ካልኩ ጊዜው ይሄዳል።»

ሲመለስ አብረዋት የነበሩት ሴቶች ከቤቱ ውጭ ቆመው እያለቀሱ ነበር።

የመድኑ የመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነበር። ያዮ ያስመዘገባቸው ሰዎች መታወቂያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይመጣሉ፣ እኔም መድኃኒቱን እሰጣለሁ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሐሊማ ነበረች። ልጇ ዘሃራ የሚጥል በሽታ ነበረባት። አንድ ጊዜ ምድጃ ላይ ወድቃ አንገቷ ሥር ተቃጥላለች። መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰድ ከጀመረች በኋላ ወራት አለፉ፣ አልወደቀችም። ሐሊማ ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር። ያዮም ሲመዘግብ ብዙ አይናገርም፤ «ሐሊማን ጠይቁ» ይላል።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። መዋጮው ከመጀመሪያውም የተተመነው ሕዝቡ በሚችለው ልክ እንጂ መድኃኒቱ በሚያወጣው ልክ አልነበረም። የጎደለውን ይሞላ የነበረው በውጭ ገንዘብ የሚሠራ ፕሮጀክት ነው። አንድ ቀን የፕሮጀክቱ ሰዎች በሁለት መኪና መጥተው ሰበሰቡንና ፕሮጀክቱ «ፌዝ አውት» እንደሚያደርግ ነገሩን። ያዮ እጁን አወጣ።

«ፌዝ አውት ምንድነው?»

«ቀስ በቀስ ለባለቤቱ አስረክበን እንወጣለን ማለት ነው» አሉት።

«ባለቤቱ ማነው?»

«እናንተ ናችሁ። ማኅበረሰቡ።»

ያዮ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፣ ጽዳት ሠራተኛዋን አየ፣ ከበሩ ውጭ የተቀመጡትን በሽተኞች አየ።

መደርደሪያዬ ባዶ እስኪሆን ብዙ አልቆየም። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ለአባላት ለሰጠነው አገልግሎት ከመድኑ የሚመለስልን ክፍያ ይዘገያል። እሱ ሲዘገይ መድኃኒት መግዣ የለንም። መድኃኒት ሲጠፋ ሰው አባልነቱን አያድስም። ሰው ካላደሰ መድኑ የሚከፍለው ነገር አይኖረውም። ከየትኛው ጫፍ ብትጀምር እዚያው ትመለሳለህ። የእኔ ሥራ «የለም» የሚል ማኅተም ማዘዣው ላይ መምታት ሆነ። ሰው ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ የሚሄድበት ግን የለም።

ያዮን ያጠመደው ግን ባዶው መደርደሪያ ብቻ አልነበረም። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ። በዳጉ አይዋሽም። ሰው ከብቱን የሚነዳው በሰማው ዳጉ ነውና ውሸት የነገረ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም አይሰማውም። ያዮ እግረኛ ነው። በቀን ስንት ሰው ያገኛል! የሚያገኘው ሁሉ «ጤና ጣቢያው እንዴት ነው?» ይለዋል። እውነቱን ሲናገር ያስመዘገበውን በገዛ አፉ ያፈርሰዋል።

«ሌላ መንገድ ይዤ መሄድ ጀመርኩ» አለኝ አንድ ቀን፣ እያፈረ። «ሰው እንዳላገኝ።»

የእድሳት ወር ሲቃረብ እኔና እሱ ሰመራ ሄደን የክልሉን የመድን ኃላፊ እናነጋግር ተባባልን። ጤና ጣቢያው ደብዳቤ ጻፈልን። ገዋኔን፣ ሚሌን አልፈን በሚኒባስ ሄድን። ሰመራ ሁለት ቀን ኮሪደር ላይ ተቀመጥን፤ ሦስተኛው ቀን ገባን። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ራሱም አፋር ነው። እኔ እንድሰማ በአማርኛ አወሩ። ይጮህብናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ውሃ አስመጣልን።

«አባቴ፣ ገንዘቡ ቢኖር ዛሬውኑ እልክ ነበር» አለ። «ያለችኝ ትንሽ ናት። እሷን ለእናንተ ከሰጠሁ የጭፍራ ወረዳ ጤና ጣቢያ ባዶ ይሆናል። እነሱም እንደ እናንተ መጥተው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።»

ያዮ መፋቂያውን አወጣ። «ጭፍራ ምን ጎደላቸው?»

«የወላድ መድኃኒት።»

«እንግዲያው ለእነሱ ስጥ» አለ ያዮ።

እኔ ክው አልኩ። ለዚህ ነው የመጣነው? ኃላፊውም ግራ ገባው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚረዳን ሰው ሆኖ ተናገረ። «አንድ ነገር ልንገርህ። ከላይ የሚመጣው ድጎማ የሚሰላው በአባላት ቁጥር ነው። ዘንድሮ ቁጥራችሁ ከወረደ ድጎማውም ይወርዳል፣ ከዚያ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም። ሰዉን አስመዝግብ። መድኃኒት የለም የሚለውን ነገር አሁን አታንሳ። ከከፈሉ በኋላ ይስተካከላል። ውሸት ተናገር አላልኩህም፤ ዝም በል ነው ያልኩህ።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ያልኩት ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አይደለም፤ ያኔም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ «እውነቱን ነው» ብያለሁ በልቤ። ያዮም «እሺ» አለ።

ስንመለስ ሚሌ ለምሳ ወረድን። የከባድ መኪና ሹፌሮች በሞሉበት ምግብ ቤት በር ላይ አንድ አዛውንት ያዮን አገኙት፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ዳጉ ነው። ያዮ ሲያወራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሰዓት የሚፈጅ ነው። ያን ቀን ግን እኔ ምግቤን ሳልጨርስ ተነሳ። መኪናው ውስጥ ሎጋው ሰውነቱ ታጥፎ፣ ራሱን የፊተኛው ወንበር ላይ ደግፎ ተቀመጠ። ገዋኔን አልፈን ስንሄድ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ካለው እሾህ ሌላ ምንም በማይታይበት ቦታ፣ «ከሰመራ ምን ይዘህ መጣህ አለኝ» አለኝ።

«ምን አልከው?»

«ሙቀት ነው አልኩት።»



የምዝገባው ቀን ሐሊማ ያለችበት ሰፈር ሄድን። ከወረዳ አንድ ሰው አብሮን ነበር፤ እኔ ካርዱን የምጽፈው ነኝ። ሰዉ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ፣ ያዮ ተነሳ። የተባለውን እንደሚያደርግ እርግጠኛ ነበርኩ። አልወቅሰውም ነበር። እኔ ራሴ ዝም ለማለት ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት።

በአፋርኛ ተናገረ። ያን ጊዜ ቋንቋውን የማውቀው በጥቂቱ ነው፤ «ሰመራ» ሲል፣ «ጭፍራ» ሲል፣ ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ «ትርሲት» ሲል ሰማሁ። የወረዳው ሰው ተነስቶ ሊያቋርጠው ሞከረ። ሰዉ ሁሉ አየኝ። ሐሊማ በአማርኛ ጠየቀችኝ፤ «መድኃኒት ክፍልሽ ባዶ ነው የሚለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ክፈሉ ትሉናላችሁ?» አለች ወደ ያዮ ዞራ።

እሱም በአማርኛ መለሰላት፤ የወረዳው ሰው እንዲሰማ ይመስለኛል። «ካልከፈላችሁ ባዶ እንደሆነ ይቀራል። ከከፈላችሁ ምናልባት ይሞላል። ምናልባት ነው ያልኩት። የእኔን ከፍያለሁ፤ ይኸው መታወቂያዬ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሳ ሄደ። የቀሩት የእጅ ጣት ያህል ናቸው። ከእነሱ መሃል ሐሊማ ነበረች። «ሌላ ምን አለኝ?» ብላ ነው የተመዘገበችው፤ ይህን ስትል አምናበት ወይም ደስ ብሏት አይደለም፣ መሄጃ ያጣ ሰው እንደሚለው ነው።

ያዮ በሳምንቱ «የምዝገባ ንቅናቄውን በማደናቀፍ» ተሰናበተ። ደብዳቤውን እንዳነብለት አምጥቶ መስኮቴ ላይ አስቀመጠው፤ ማንበብ ይችላል፣ ግን እኔ እንዳነብለት ፈለገ። ሳነብለት ቆመ፤ ሲያልቅ አጥፎ ያዘው። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደ ሥራ ቀኑ መጣ። በሽተኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አማርኛ ለማይችሉት ያስተረጉም ጀመር። ማንም አልላከውም፤ ማንም አልከለከለውም።

አንድ ቀን ሐሊማ ዘሃራን ይዛ መጣች። የልጅቷ መድኃኒት ካለቀ ሰንብቷል። ወድቃ ነበር፤ ክንዷ ምድጃ ላይ አርፎ ተልጧል። ቁስሉን ነርሷ አጥባ ጠቀለለችላት። ማዘዣው እኔ ጋ መጣ። ሐሊማ የታደሰ መታወቂያዋን ከላስቲኩ አውጥታ አጠገቡ አደረገች። እኔ ማኅተሙን መታሁ።

ያዮ አግዳሚው ላይ ነበር። ተነሳ። ትሰድበዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱም ስድቡን የሚጠብቅ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ነበር የቆመው። ሐሊማ ግን አልተቆጣችም።

«አንተ ነግረኸኛል» አለችው፤ ልጇን አቀፈችና ሄደች።

ያዮ ጥላውን ትቶ ፀሐዩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ለዘሃራ መላ ተገኘ። ከጅቡቲ መስመር የሚመላለስ አንድ ሹፌር መድኃኒቱን ከአዳማ እየገዛ ያመጣላት ጀመር፤ ሹፌሩን የለመነውም የከፈለውም ያዮ ነው። «እግዜር ይስጥህ፣ ልጅቷን አዳንካት» አልኩት። በጣም ተናደደ።

«ለዘሃራ ሹፌር አገኘሁ» አለኝ። «ለሌሎቹስ? ስንት ሹፌር አለ? ይሄማ የድሮው ነው። ዘመድ ያለው ይድናል፣ የሌለው ይሞታል። ይህን ልንተው አልነበረም ያዋጣነው?»

ከጊዜ በኋላ መድኃኒት መጣ፤ ሁሉም ባይሆን ግማሹ። የተወሰኑ ሰዎችም ተመልሰው ተመዘገቡ። ደግሞ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። አሁንም እንደዚያው ነው። እኔ ወደ ሰመራ ተዛወርኩ፤ መስኮቱ ሰፋ፣ ማራገቢያ አገኘሁ፣ ሥራው ግን ያው ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እዚሁ ነው። ፋጡማ ክንዱን ይዛው ሰልፉ ውስጥ ሳየው መጀመሪያ አላወቅሁትም። እግሮቹ አብጠው ነጠላ ጫማው አልገባ ብሎታል፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ትንፋሽ ይወስዳል። ልቡ ደክሞ ነው፤ ከአዋሽ ልከውት ነው የመጣው። ተራው ደርሶ መስኮቱ ላይ ሲቆም ስሜን ጠራኝ፤ እጄን በመስኮቱ በኩል ያዘው። ማዘዣውን አየሁ። ከዚያ መድኃኒት የቀረኝ የአንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አለ?» አለኝ።

«አለ።»

ከኋላው ያለውን ሰልፍ ዞሮ አየና ወደ እኔ ተመለሰ። «ብዙ አለ?»

«ብዙ አለ» አልኩት።

ያዮ ፊቴን አየው። ስንት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው፤ ዓይኔን ያውቀዋል። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ሌላ ጥያቄ እንዳይጠይቀኝ እየለመንኩት ነበር። አልጠየቀኝም። እጁን ዘረጋ፤ መድኃኒቱን ሰጠሁት።

ከእሱ ቀጥሎ የነበረው እናቱን በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ጎልማሳ ነው። ማዘዣውን ሰጠኝ። ያው መድኃኒት ነበር። ያዮ ገና ከመስኮቱ አንድ ክንድ አልራቀም።

«የለም» አልኩት ሰውየውን።

«አሁን ለእኚህ ሰው ሰጠሻቸው እኮ!» አለ።

«አልቋል።»

ፋጡማ አባቷን ልትወስደው ክንዱን ሳብ አደረገችው፤ አልተንቀሳቀሰም። ጀርባውን ሰጥቶን መድኃኒቱን እንደያዘ ቆመ። ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲዞር የፈለግሁ ይሁን እንዳይዞር የፈለግሁ ዛሬም አላውቅም። ሰውየው እናቱን እየገፋ በአጠገቡ አለፈ። ያዮ መንገድ ለቀቀለት። ከዚያ መድኃኒቱን ኪሱ ከተተ፣ በልጁ ትከሻ ተደገፈና ቀስ እያለ ወጣ።